ጆሮም ፊደል ይቈጥራል

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ የተነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ እንደሚሰማ ለማሳየት ነው፤ ነገር ግን ለሙዚቃም ሳይሠራ አይቀርም። አንድ ዘፈን ሰምተን «ደስ ይላል» ወይም «አይጥምም» እንላለን እንጂ፣ ያላስደሰተን የትኛው ድምፅ እንደ ሆነ ጆሯችንን ብንጠይቀው ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጠንም።

ይህ ለአድማጭ ብዙም ጕዳት የለውም። ሚክሲንግ ለሚሠራ ሰው፣ ይኸውም ለየብቻ የተቀዱትን የዘፋኙን፣ የክራሩን፣ የከበሮውንና የኪቦርዱን ድምፅ አመጣጥኖ ለሚያዋሕድ ሰው ግን ትልቅ ጕድለት ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት ይህን ሥራ በቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ይሞክራል። መሣሪያው ከሱቅ ይገዛል፤ የሠለጠነ ጆሮ ግን በልምምድ እንጂ በገንዘብ አይገኝም።

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚነዝርበት ቍጥር ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም በጀርመናዊው ሊቅ በሄንሪክ ኸርዝ ስም ኸርዝ ተብሏል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ይሰማል። ቍጥሩ በእጥፍ ባደገ ቍጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ስለዚህ ተለማማጁ የሚወጣው መሰላል እንዲህ ነው፤ 63፣ 125፣ 250፣ 500፣ 1,000፣ 2,000፣ 4,000፣ 8,000፣ 16,000። ዘጠኝ ደረጃ ብቻ! በልጅነቱ 231 ፊደል ለቈጠረ ሰው ይህ ከባድ ነውን?

እንዲያውም ፊደሉ ራሱ ይረዳናል። አንድን ድምፅ በኢኳላይዘር 250 ኸርዝ አካባቢ ብናጐላው ወደ «ኡ» ያደላል፤ 500 ላይ ወደ «ኦ»፣ 1,000 ላይ ወደ «ኣ»፣ 2,000 ላይ ወደ «ኤ»፣ 4,000 ላይ ወደ «ኢ» ያደላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፋችንና ጕረሯችን አንዱን ድግግሞሽ አጕልተው ሌላውን ሲያሳንሱ አናባቢ ይወለዳል፤ ኢኳላይዘርም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከእነዚህ በታች ያሉት 63ና 125 በደረት የሚሰሙ የከበሮና የቤዝ ጕልበት ናቸው። 8,000 የ«ሰ» ፉጨት ነው፤ 16,000 ደግሞ የጸናጽል ድምፅ የላይኛው ጫፍ ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት የቀልድ አይደለም። በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ፣ በሾፓን ስም የተጠራው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የድምፅ ባለሙያዎችን የድምፅ ቀለም መለየትን ራሱን እንደ ቻለ ትምህርት አስተምሯል።

ልምምዱ ለሁለት ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ጓደኛ ከዘጠኙ ደረጃዎች አንዱን በ12 ዴሲቤል ያጐላል፤ ሌላው ሳያይ ሰምቶ ቍጥሩን ይናገራል፤ ወዲያው መልሱ ይነገረዋል። መጀመሪያ የፏፏቴ ድምፅ በሚመስለው ፒንክ ኖይዝ በሚባለው፣ ቀጥሎ በሚያውቁት ዘፈን ይሞከራል። ጆሮ ሲለምድ 12ቱ ወደ 6፣ 6ቱም ወደ 3 ይወርዳል። ከዚያ ማጕላቱ ቀርቶ መቀነስ ይተካል፤ የጐደለን ማወቅ የተጨመረን ከማወቅ ይከብዳልና። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጆሮ ይሰለቻል።

አንድ ወጥመድ አለ። ጮክ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ደግሞም ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1933 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙ ክፍል ከሌላው ይበልጥ ለጆሮ ይርቃል። ስለዚህ ተለማማጁ የድምፁን መጠን አንድ ቦታ ላይ አጽንቶ ይያዝ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ስለ ቃሉ ነው። የተነባቢዎቻችን መለያ በአብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ይገኛል። የመደበኛ ስልክ መሥመር ለብዙ ዘመን ያስተላለፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር፤ ስለዚህም በስልክ «ሠራ» የተባለው «ፈራ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። በዘፈንም እንደዚሁ ነው። ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለውን ቦታ ከሞሉት የዘፋኙ ቃል ይዋጣል። ያልሠለጠነው ጆሮ ዘፋኙን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ሙዚቃው ያነሰበት ይመስለውና እርሱንም ከፍ ያደርጋል፤ በመጨረሻ ሁሉም ይጮኻል። የሠለጠነው ግን ኪቦርዱን እዚያው ቦታ ላይ በ3 ዴሲቤል ያህል ቀነስ ያደርገዋል፤ ቃሉም ይወጣል። የሰምና ወርቅ ግጥም አንዲት ተነባቢ ስትጠፋ ሰሙም ይፈርሳል፣ ወርቁም ይቀበራል። ገጣሚው ሌሊቱን ሙሉ የደከመበት ቃል በአንድ ቍልፍ ምክንያት መቅረት የለበትም።

ጆሮን ማስተማር ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ ጊዜ በጩኸት መጀመሪያ የሚጎዳው የጆሮ ክፍል 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የሚሰማው ነው፤ ይህም ቃል የሚለይበት ቦታ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እንስጥ። ግጥሙን በቃላችሁ የምታውቁትን አንድ ዘፈን ምረጡ። በመጀመሪያ 250 ኸርዝን፣ ቀጥሎ 4,000ን አጕሉ፤ ከዚያ ሁለቱንም በየተራ ቀንሱ። በያንዳንዱ ጊዜ የትኛው ቃል እንደ ደበዘዘና የትኛው እንደ ጠራ በደብተራችሁ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ዝጉና እንደ ገና ሞክሩት፤ ጆሯችሁ ምን ያህል ፊደል እንደ ቈጠረ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።