የመጠጥ መጠን፤ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ስላለው የቢራ መጥመቂያ

ሰው አገር ለማየት በወጣ ጊዜ ተራራውንና ባሕሩን ብቻ ሳይሆን የሕዝቡንም ሕግና ልማድ መርምሮ ቢመለስ፣ ጉዞው ለቤተ ሰቡም ይጠቅማል። ስለዚህ ዛሬ በስቫልባርድ ደሴቶች፣ በሎንግየርቢየን ከተማ ስላለው የቢራ መጥመቂያ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ነው። ከተማዪቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ78ኛው ዲግሪ፣ በረዶ በለበሱ ተራሮች መካከል በባሕር ወሽመጥ ዳር ተቀምጣለች። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ፀሐይ ከቶ አትወጣም፤ ከከተማ የሚርቅ ሰውም ነጭ ድብ እንዳይጥለው መከላከያ ይዞ ይሄዳል። እህል የሚበቅልበት እርሻ ስለሌለ፣ ብቅሉም ሆነ እንደ እኛ ጌሾ ምሬትን የሚሰጠው ሆፕ የተባለው አበባ ከባሕር ማዶ ይመጣል። የአገሩ የሆነው ውሃው ነው፤ ከፊሉም ቦገርብሬን ከተባለው የበረዶ ግግር የሚገኝ ነው። ጎብኚዎች ወደ መጥመቂያው ገብተው ሥራው እየተገለጠላቸው ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳሉ።

ይህ ቤት በቀላሉ አልተከፈተም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የወጣ ሕግ በደሴቶቹ ላይ መጠጥ መጥመቅን ከልክሎ ነበር። በከሰል ማዕድን ይሠራ የነበረው ሮበርት ዮሃንሰን ግን ለመንግሥት አመልክቶ ዓመታት ከታገሠ በኋላ፣ ሕጉ በ2014 ተለውጦ በ2015 ሥራውን ጀመረ።

ለባለ ትዳር ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ከከሰል ቆፋሪዎች ዘመን በቆየው ደንብ፣ ነዋሪው ከመደብር ለቤቱ የሚገዛው ቢራ በካርድ እየተቆጠረ በወር 24 ጣሳ ሆኖ ተወስኗል። ወይን ጠጅ ግን አልተገደበም፤ ይህም አለቆቹ ወይን ይጠጡ ስለ ነበር ነው ይባላል። በመጠጥ ቤት ውስጥም ካርዱ አይጠየቅም።

እንግዲህ ሕግ የመደብሩን ጣሳ ይቈጥር ይሆናል እንጂ፣ በወዳጆች መካከል የሚቀዳውን ብርጭቆ የሚቈጥር ጠጪው ራሱ ነው። በእኛም ዘንድ አስተናጋጅ «በሞቴ» እያለ ዋንጫውን ሲሞላ፣ እንግዳውም ላለማስቀየም ሲጨልጥ፣ የልጆች ቀለብና የትምህርት ገንዘብ አብሮ የሚፈስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጋባዥ የሆነ ሁሉ እንግዳው «ይበቃኛል» ባለ ጊዜ ቃሉን ቢያከብርለት፣ ይህ ከጠላው ይልቅ የበለጠ መስተንግዶ መሆኑን እናሳስባለን። አባወራም ወደ መጠጥ ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ የቤቱን ወጪ ለይቶ ለባለቤቱ ቢያስረክብ፣ ያለ ካርድ መጠኑን ያውቃል።