«ተወው» ላላሉኝ ሰዎች

ለዶክተር ሜላኒ ፈርጉሰን፣ ለፕሮፌሰር ሄዘር ዋራድ፣ በኖቲንግሃም የመስሚያ መሣሪያ ማስተማሪያ ፊልሞችን ሲያዘጋጁ አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ካሜራ ፊት ቀርበው ላስተማሩን የመስሚያ ተጠቃሚዎች ሁሉ፤

አታውቁኝም፤ እኔም አንዳችሁንም በአካል አላየሁም። ማንቸስተር ውስጥ ታክሲ የምነዳ፣ 61 ዓመት የሞላኝ ኢትዮጵያዊ ነኝ። እንግሊዝኛውስ አያቅተኝም ነበር፤ ነገር ግን ምስጋና በአፍ መፍቻዬ ካልሆነ ይጎድልብኛል። ደግሞም ጆሮው የከበደ ወገኔ እግረ መንገዱን እንዲያነበው ፈልጌ ነው በአማርኛ የጻፍኩት።

ጆሮው የደከመ ሰው በቀን ደጋግሞ የሚሰማት አንዲት ቃል አለች። የሚገርመው፣ ሌላው ሁሉ ሲያመልጠው እሷን ጥርት አድርጎ ይሰማታል። «ተወው» ትባላለች። ልጄ አንድ ነገር ትነግረኛለች፤ «እ?» እላለሁ። ትደግመዋለች፤ ግማሹ ይደርሰኛል። «ምን አልሽ?» ስላት «ተወው አባዬ፣ ምንም አይደል» ትላለች። ሦስተኛ ጊዜ የሚደግም ሰው ብርቅ ነው። ልጄ ክፋት የለባትም፤ ደክሟት ነው። እያደር እኔም መጠየቁን ተውኩት። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፤ ሰው ከንፈሩን ሲመጥ እኔም ከንፈሬን እመጣለሁ። ባለቤቴ እያወቅኩ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩ እየመሰላት ስንቴ ተቀይማኛለች! «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል እኛ ዘንድ፤ የእኔው ጆሮ ከባለቤቴም ሊያቆራርጠኝ ነበር።

ጉዳቱን ይዤው የመጣሁት ከአገሬ ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ዳር በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ያ ሁሉ ማሽን በአንድ ላይ ሲንኳኳ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰማውም። ጆሯችንን ያስታወሰልን አልነበረም፤ እኛም ራሳችን አላስታወስነውም። በእጅና በከንፈር እንግባባ ነበር፤ የእጅ አንጓን መታ መታ ማድረግ «ሰዓት ስንት ሆነ?» ማለት ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ አንዲት ጡረተኛ ጎረቤቴ የድሮዎቹ የላንክሻየር ሸማኔዎችም እንደዚያው ያደርጉ እንደነበር አጫወተችኝ። ከንፈራቸውን አጋነው እያንቀሳቀሱ፣ በእጃቸው እያገዙ፣ በማሽኑ ጩኸት መካከል ሐሜቱን ሁሉ ይጨርሱት ነበር አሉ። ስሙንም «ሚሞ» ይሉት ነበር። እኛ ስም እንኳ አላወጣንለትም።

ጩኸት የሚገድለው በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ረቂቅ የፀጉር ሴሎች ነው። አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ በአማርኛ ደግሞ ይህ ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ በእንግሊዝኛ ትምህርታችሁ ውስጥ ሊኖር አይችልምና። «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆናሉ። ከዚህ የባሰው ግን የቃሉ ጅራት ነው። እኛ ወንድና ሴትን የምንለየው በመጨረሻዋ ትንፋሽ ነው፤ «መጣህ?» ለወንድ፣ «መጣሽ?» ለሴት። ያቺ ትንፋሽ ከጠፋች ማን እንደተጠየቀ አይታወቅም። እንግዳ ቤት ተቀምጠን ባለቤቴ ስትጠየቅ እኔ ስመልስ፣ እኔ ስጠየቅ ደግሞ ዝም ስል፣ ሰው በሆዱ ምን ይል እንደነበር አሁን ሲገባኝ አፍራለሁ። «ደንቆሮ» የሚለው ቃላችን መስማት የተሳነውንም ማሰብ የተሳነውንም በአንድ ስም ጠቅልሎ ይጠራል። የመስሚያ መሣሪያ ማድረግን የፈራሁት በዚህ ቃል ምክንያት ነው።

መስሚያዎቹን ያገኘሁት በነፃ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ «ሜድሬስኮ» የተባለውን መስሚያ ያለ ክፍያ ያድል እንደነበር ካነበብኩ ወዲህ ለዚህ አገር ያለኝ አክብሮት ጨምሯል፤ ለአየሩ ግን አልጨመረም። ቀጠሮዬ ግን ጥድፊያ ነበረበት። ባለሙያው ጨዋ ሰው ነው፤ ተረኛው ደጅ ቆሟል፤ ኮምፒውተሩን እያየ ያስረዳኛል። ከጆሮዬ ቅርጽ የተቀዳውን ፕላስቲክ እንዴት እንደማስገባ፣ ባትሪውን በየስንት ቀኑ እንደምቀይር፣ ቱቦውን እንዴት እንደማጸዳ ነገረኝ። «ገባዎት?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ሁልጊዜም የምለው «አዎ» ነው። አስቡት እስቲ፤ መስማት ለተሳነው ሰው የመስሚያውን አጠቃቀም በቃል፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ! ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው እንኳ ሐኪም ከሚነግረው ነገር ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሳው ኋላ አንብቤአለሁ።

ቤት ስገባ አንደኛው ያፏጫል፤ ሌላው ጨርሶ ዝም ብሏል። የገዛ እግሬ ኮቴ የሌላ ሰው እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጆሮዬ ውስጥ እሳት የተለኮሰ ይመስለኝ ነበር። እሑድ ቅዳሴ ይዣቸው ሄድኩ፤ ከበሮው ሲመታ ነቅዬ ኪሴ ከተትኳቸው። ከዚያ ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ ገቡ፤ 7 ወር።

እናንተን ያገኘችልኝ ያቺው «ተወው» የምትለኝ ልጄ ናት። አንድ ቀን ማታ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አቆመችና «ይኸው፣ ብቻህን እየው» ብላኝ ወጣች። «ሲ ቱ ሂር» ያላችኋቸው 7 ፊልሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዩቲዩብ ላይ ያለ ክፍያ አስቀምጣችኋቸዋል። ከመሣሪያው ጋር መተዋወቅ፣ ጆሮ ውስጥ ማስገባት፣ ምን መጠበቅ እንዳለብን፣ መላመድ፣ ስልክ፣ ከሰው ጋር መነጋገር፣ እንክብካቤ። ርዕሶቹ ተራ ናቸው። ግን የሚናገሩት ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም፤ እንደኔ ጆሯቸው የደከመ ሰዎችም ነበሩ። አንዱ ሽማግሌ የተናገረውን ስሰማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማን ስለ እኔ ነገረው ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት።

ስለ ማስገባት የሚያሳየውን ፊልም ያን ሌሊት 6 ጊዜ ይሁን 7 ጊዜ አየሁት። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ትንሽ መስተዋት ሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ አስደግፌአለሁ። ቀዩ ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ። ለካስ ያኔ አጣምሜ ስከተው ነው ያፏጨው፤ ፕላስቲኩ ጆሮን በደንብ ካልሞላ ድምፁ ሾልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለስና ራሱን በራሱ ያስጮኸዋል። ጣቴ ሲሳሳት ፊልሙን ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰዓቱን አያይም፤ ፊቱ አይለወጥም። ደግሞ መለስኩት፤ ደግሞ ጀመረልኝ። ከስንት ዓመት በኋላ «ተወው» ሳይለኝ ይህን ያህል ጊዜ የደገመልኝ ሰው እሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሌሊት እንባዬ መጥቷል።

የባትሪውንም ምስጢር በዚያው ሰሞን ደረስኩበት። ተለጣፊው የተለጠፈው ለጌጥ አይደለም፤ ሲላጥ አየር ይገባና ባትሪውን ያስነሳዋል፤ ስለዚህ አንድ ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። እኔ ልጬ ወዲያው እየከተትኩ «ሞቷል» ስል ከርሜአለሁ። ስልክም እንደዚሁ። ዕድሜ ልኬን ጆሮዬ ቀዳዳ ላይ ስለጥፈው የኖርኩትን ስልክ አሁን ከጆሮዬ በላይ፣ ማይክሮፎኑ ያለበት ቦታ አስጠጋዋለሁ። የሚያየኝ ሰው ጭንቅላቴን የማክ ይመስለዋል። እናቴ ግን ከአዲስ አበባ «ዛሬ ድምፅህ ቅርብ ነው» አለችኝ። የቀረበው የእሷ ድምፅ ነበር፤ እኔ መጮህ ስለተውኩ መሰለኝ እንደዚያ ያለችው።

ሥራችሁን በጥናት መፈተናችሁንም አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችሁት ጥናት 203 አዲስ የመስሚያ ተጠቃሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍላችሁ፣ ለግማሾቹ ፊልሞቹን ሰጣችሁ። ብዙዎቹ በዲቪዲ ቴሌቪዥን ላይ ማየት መርጠዋል። ግማሽ የሚሆኑት ደግሞ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ አይተዋቸዋል፤ ይህን ሳነብ ወንድምና እህት ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ፊልሞቹን ያዩት ስለ መሣሪያው ያላቸው እውቀትና የእጃቸው ቅልጥፍና በልጦ ተገኘ። በአጠቃላይ በቀን መሣሪያውን በማድረግ ረገድ ግን ሁለቱ ወገኖች እንዳልተለያዩ አልደበቃችሁም። ልዩነቱ የታየው መሣሪያውን ሁልጊዜ በማያደርጉት ላይ ነው፤ ያዩት ካላዩት ይበልጥ ያደርጉታል። ማለትም የመሳቢያው ሰዎች። ሥራውን አጋኖ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ነውና ያልሠራውን «አልሠራም» ብላችሁ በመጻፋችሁ አመንኳችሁ።

ሌላውን ሁሉ ብረሳ የመላመዱን ትምህርት አልረሳውም። ጆሮ ድምፅ ያስገባል እንጂ የሚሰማው አእምሮ ነው። ለዓመታት ያልደረሰውን ድምፅ ድንገት ሲያገኝ የቱን እንደሚተው አያውቅም፤ ፌስታሉንም ሰውንም እኩል ያቀርብልሃል። ጊዜ ከሰጡት ይማራል። ስለዚህ እኔ ከከበሮው መጀመሬ ስህተት ነበር። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቤት፣ አንድ ሰው፣ አጭር ሰዓት፤ ከዚያ ሬዲዮ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው። ቅዳሴ የተመለስኩት መልመድ በጀመርኩ በአራተኛው ወር ነው። ከበሮው አሁንም ይበረታብኛል፤ የካህኑን «ሰላም ለኵልክሙ» ግን ከነትንፋሹ ሰማሁት።

አቀማመጥ ላይ ግን ከባህላችን ጋር ተጋጭተናል። ጀርባህን ለግድግዳ፣ ፊትህን ለሚናገረው፣ ብርሃኑ በተናጋሪው ፊት ላይ እንዲያርፍ፣ ከጫጫታውም እንድትርቅ ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። እኛ ዘንድ ግን ሽማግሌ ሲገባ ሁሉም ብድግ ይልና «ጋሼ፣ ከፍ ይበሉ፣ ከፍ ይበሉ!» ይላል፤ ከፍ የሚባልበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የቴሌቪዥኑ ወይም የድምፅ ማጉያው ሥር ነው። ሠርግ ላይ የክብር ወንበር አልቀመጥም ስል የተቀየሙኝ አሉ። አሁን መሣሪያዬን ጠቆም አድርጌ «ልጆቼ፣ ብሰማችሁ ይሻለኛል» እላለሁ፤ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። «እ?» ማለትንም ትቻለሁ፤ የሰማሁትን እደግምና የጎደለውን ብቻ እጠይቃለሁ። «ማክሰኞ ነው ያልከኝ፤ አራት ሰዓቱ በእኛ ነው በፈረንጅ?» እላለሁ። ይህንን ጥያቄ እንኳ ጥሩ ጆሮ ያላቸውም ቢለምዱት ደግ ነው።

ቅሬታ የሌለበት ምስጋና ግብዝነት ይመስለኛልና አንድ ልጨምር። ብቻዬን መማሬ ጠቅሞኛል፤ ብቻዬን መቅረቴ ግን ጎድቶኛል። ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች ለ5 ሳምንት በኢንተርኔት በሰጡት የማገገሚያ ትምህርት፣ የመስሚያ ተጠቃሚዎቹ ከባለሙያ ጋርም እርስ በርሳቸውም ይጻጻፉ ነበር። እንዲህ ያለው ቢኖረኝ 7 ወሩ ያጥር ነበር። ሌላው ቋንቋው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው የማገገሚያ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ጽፏል፤ ከመካከላቸው እንግሊዝኛ የሚሰማው ስንቱ ነው? ያ ፋብሪካ ውስጥ አብረውኝ የሠሩ፣ ዛሬም እዚያው ያሉ ሰዎች አሉ። መስሚያ ቢያገኙ እንኳ «ይህን እንዲህ አድርገህ ክተተው» የሚላቸው በአማርኛ ማን አለ? ይህ የእናንተ ዕዳ አይደለም፤ ምናልባት የእኛ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወዳጄ ቤቴ መጣ። 74 ዓመቱ ነው፤ አገር ቤት 30 ዓመት አስተምሯል። መስሚያዎቹን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዟቸው ይዞራል፤ ለምን እንደሚይዛቸው ብጠይቀው «መንግሥት የሰጠው ይጣላል?» አለኝ። መስተዋቱን ማንቆርቆሪያው ላይ አስደገፍኩ። ሁለተኛውን ፊልም ከፈትኩና በየመሃሉ እያቆምኩ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ቀዩን በቀኝ እጁ ያዘ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። አጣመመው። አፏጨ። አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ቡና ልቀዳለት ስነሳ ክንዴን ያዘኝ።

«ድገመው» አለኝ።

ደገምኩለት።