ደብተር ከድኖ ማጥናት

ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ደብተሩን መላልሶ በማንበብና ከሥሩ በማስመር ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው ሁሉም የገባው ይመስለዋል፤ ዓይኑ ገጹን ለምዶታልና። ፈተና ላይ ግን ገጹ የለም። እዚያ የሚጠየቀው ያለ ደጋፊ ከራሱ ማውጣትን ነው፤ ይህን ደግሞ አልተለማመደም።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይተዋል። ወዲያው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው ሦስት ጊዜ በቃላቸው ለመጻፍ የሞከሩት 61 በመቶ አስታወሱ።

ለኢትዮጵያ ይህ በቃል የማውጣት ልምምድ እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚካሄደው ከመሸ በኋላና ጎሕ ሳይቀድ፣ ፊደል በማይታይበት ሰዓት ነው። ተማሪው ትናንት የተቀበለውን ዛሬ በጨለማ በቃሉ ይለዋል፤ ከሳተ እዚያው ይታረማል።

በበቾ ሜዳ ላይ ባለችው በተጂ ከተማም ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። የሕዋስ ክፍፍልን ያነበበች ተማሪ ደብተሩን ትከድንና በባዶ ወረቀት ላይ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ትስላለች። ሦስተኛው ላይ ትቆማለች፤ ትጨነቃለች፤ የመጣላትን ትጽፋለች። ከዚያ ገልጣ የሳተችውን በቀይ ታርማለች። በማግስቱ የምትጀምረው ከቀዩ ነው። አድካሚ ነው፤ ትምህርቱ የሚሰርጸው ግን በዚያ ድካም ውስጥ ስለሆነ ጭንቀቱን ፈርቶ ቶሎ መግለጥ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜን መበተን ነው። እሑድ አምስት ሰዓት ሙሉ ፊዚክስ ከመያዝ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይሻላል፤ በማግስቱ ሲመለሱበት የተረሳው ተለይቶ ይታወቃልና። ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ማሳ ላይ የሚውል ልጅ ረጅም ሰዓት አያገኝም፤ አጭሩ ግን አይጠፋም። ወደ ማሳ ሲሄድ ትናንት ያጠናውን ለራሱ መጠየቅ ይችላል።

ቋንቋውም የራሱ ጣጣ አለው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን መጀመሪያ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ለታናሽ እኅት ማስረዳት፣ ከዚያ ቃሉን በእንግሊዝኛ መጻፍ ያዋጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ የሸመደደው ቃሉን ብቻ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። መጽሐፍ ሳይዳረስ፣ መምህር ሳይሟላ ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው የጥናት ልማድ ላይ መጣል ግፍ ነው። ቢሆንም በተማሪው እጅ ያለው ይኸው ልማዱ ነው።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችም የሚጠቅሙት መልሱ ተሸፍኖ፣ ሰዓት ተይዞ ሲሠሩ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ግን ደብተሩ ተዘግቶ መተኛት ይገባል፤ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ የሚያውቀውንም ጥያቄ ደጋግሞ አንብቦ ይስተዋል።