ጡት ቅነሳን የውበት ጉዳይ ያደረገው ማን ነው?

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቶ በገርጂ አድርጎ እስከ ሲኤምሲ የሚሄድ ሰው የውበት ማስታወቂያ ሳያይ አይደርስም። ፀጉር ተከላ፣ ፊት ማጽዳት፣ ቦርጭ ማጥፋት፣ አልፎ አልፎም «ጡት ማስተካከል»። ችግሩ ያለው የመጨረሻው ላይ ነው። የጡት ክብደት አጉብጧት ሐኪም ዘንድ የሄደች ሴት «ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል» ስትባል፣ ጉዳይዋ ከቦርጭ ማጥፋት ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

እስቲ ቦሌ ካሉት ባንኮች በአንዱ መስኮት የምትሠራ አንዲት ሴት ትታሰብ። ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ነው የምትውለው። ማታ ጡት መያዣዋን ስታወልቅ ማሰሪያው ትከሻዋ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ሠርቷል። በጡቷ ሥር ላብ እየተጠራቀመ ቆዳው ይቆስላል፣ ይሸታል። ማጅራቷ ደርቆ ያድራል፤ አንዳንዴ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ይህን ለእህቷ ካልሆነ ለማን ትናገራለች? ለሥራ ባልደረባ ብትነግር «ሌላው አጥቶ ያለቅሳል፣ አንቺ ሞልቶልሽ ታማርሪያለሽ» ተብሎ ይሳቅባታል።

የመሥሪያ ቤቷ የቡድን ጤና መድን ምን ይከፍልላታል? ራጅ ይከፍላል። ማስታገሻ፣ ለቁስሉ ቅባት፣ ፊዚዮቴራፒ ይከፍላል። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ይደግማል። የሕመሙ ምንጭ ጋ ሲደረስ ግን ውሉ ውስጥ «የውበት ቀዶ ሕክምናን አይጨምርም» የምትል መስመር ትወጣለች። ሕመሙን በየዓመቱ እያስታገሱ ምንጩን አልነካም ማለት ለመድን ድርጅቱም ቢሆን ቁጠባ መሆኑ ያጠራጥራል።

መስመሯ ከሰማይ አልወረደችም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ የመጣው ደንብ ቁጥር 271/2005 የማይሸፈኑ አገልግሎቶችን ሲዘረዝር፣ ከመነጽርና ከሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር የውበት ቀዶ ሕክምናንም አስገብቷል። ለደመወዝተኛው የታሰበው ይህ መድን ሥራ ሳይጀምር ዓመታት መቆጠራቸው ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። ክልከላው ግን በራሱ ስህተት አይደለም። የብዙኃን መዋጮ ለአፍንጫ ማሳመሪያ እንዲውል የሚሟገት የለም። ስህተቱ «ውበት» የሚለውን ቃል በቀዶ ሕክምናው ምክንያት ሳይሆን በሚነካው የሰውነት ክፍል መተርጎም ላይ ነው።

ፕላስቲክ ሰርጀሪ ማለት መኳኳል ነው የሚል ሰው ስድስት ኪሎ ወጥቶ የካቲት 12 ሆስፒታልን ይይ። በእሳትና በፈላ ውኃ የተቃጠሉ ሕፃናትን ቆዳ የሚጠግነው ይኸው ሙያ ነው። የተቃጠለ እጅ እንዲዘረጋ የሚደረግን ቀዶ ሕክምና ማንም ውበት አይለውም፤ እጁ እንዲሠራ ነዋ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ ደግሞ ከዚህም አልፏል፦ በካንሰር ምክንያት ጡት ማውጣትን የሚሸፍን መድን፣ ጤነኛው ጡት ከተጠገነው ጋር እንዲመጣጠን የሚደረገውንም ቀዶ ሕክምና እንዲከፍል ያስገድዳል።

የመድን ድርጅቶች ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በሩ ከተከፈተ ለመልኳ የምትፈልገውም «ወገቤን» ብላ ትመጣለች። ሌላው ዓለም ይህን በመመዘኛ ለመፍታት ሞክሯል። ሽነር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡትን ሠንጠረዥ ብዙ መድን ሰጪዎች ወስደው፣ ከሴቲቱ የሰውነት ስፋት አንጻር ስንት ግራም እንደሚወጣ እየለኩ ይከፍላሉ ወይም ይከለክላሉ። ሚዛን ግን ሕመምን አይመዝንም። አጭርና ቀጭን ሴት ትንሽ ግራም ወጥቶላትም ከዕድሜ ልክ ሥቃይ ልትገላገል ትችላለች። ስለዚህ እዚህ መመዘኛ ሲወጣ ግራም መቅዳት አያስፈልግም። ለወራት የተመዘገበ ሕመም፣ የተሞከረና ያልሠራ ሕክምና፣ የሰርጀን ምርመራ፣ እነዚህ ይበቃሉ። አጭበርባሪን ለመለየትም ከሚዛን ይሻላሉ።

ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው ለማለት አይደለም። ሙሉ ሰመመን አለው፣ ጠባሳ ይተዋል፣ የጡት ጫፍ ስሜትን ሊቀንስ፣ ኋላ ላይም ጡት ማጥባትን ሊያስቸግር ይችላል። ይህን ሁሉ ሰምታ የምትስማማ ሴት ለመቆነጃጀት ነው የመጣችው ብሎ መገመት ይከብዳል።

የቡድን ውል አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ይታደሳል። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት የአሠሪው የሰው ኃይል ክፍልና መድን ሰጪው ናቸው፤ «የውበት ቀዶ ሕክምና» ከምትለዋ መስመር ቀጥሎ «በሐኪም የተረጋገጠ ሕመምን ለማከም የሚደረገውን ሳይጨምር» የሚል ሐረግ ማስገባት ለሁለቱም የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ስለ አበልና ስለ ትርፍ ሰዓት ሲከራከሩ ይችንም ቢያነሷት አይጎዱም።

ሕመሙ ያለባት ሴት ደግሞ ያን እድሳት እስክትጠብቅ ድረስ፣ ሐኪም ጋ በሄደች ቁጥር የትከሻው ምልክትና የቆዳው ቁስል ካርዷ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ትጠይቅ፤ «የወገብ ሕመም» ብቻ ተብሎ እንዳይታለፍ። ጥያቄዋን ለመድን ድርጅቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጽሑፍ ታቅርብ። እምቢ ከተባለችም በስልክ የተነገራትን ይዛ አትመለስ፤ ምክንያቱ የውሉ አንቀጽ ተጠቅሶ በደብዳቤ ይሰጣት። የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ እዚያ ሲኬድ የሚጠየቀው ወረቀት ነው።