በኢጃዛሽ ሰሜን ተራሮችን ለማየት አስበሻል? መጀመሪያ መንገዱን እንይ

ኢጃዛ ሲቃረብ በየግሩፑ የሚነሣው ወሬ ያው ነው፤ ስንት ኪሎ ሻንጣ፣ ለማን ምን ይገዛ። አሁን አሁን ሌላ ተጨምሮበታል። ጂዛን፣ ሳብያ፣ አቡ አሪሽ፣ ሳምጣ ያሉ እህቶች «ዘንድሮ ስገባ ሰሜን ተራራ እሄዳለሁ፣ ዋልያ አያለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ቲክቶክ ላይ ገደሉ ጫፍ የቆመች ልጅ፣ ከኋላዋ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ፣ ከታች «ሦስት ቀን፣ ሁሉም ተካቶ» የሚል ጽሑፍ። የማዳምን ልጆች ይዘን ፋራሳን ደሴት ሄደን ሚዳቋ ስናይም «አገሬ እኮ ስንት አለ» የማትል የለችም። ሃሳቡን አልነቅፍም። ሁለት ዓመት የሰው ቤት ጠርጎ ሦስት ቀን ለራስ ማለት ቅንጦት አይደለም። ግን ቪዲዮው መንገዱን አያሳይም፤ እኔ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። (እዚህ የምንኖረው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ፓርኩ ያለው ሰሜን ጎንደር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ከተማ ነው፤ የመግቢያውን ከፍለሽ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይዘሽ የምትገቢው ከዚያ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ ሌላ የትም የለም። የኳስ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፣ ቢራው ሳይቀር፤ እንስሳውን በዓይኑ ያየ ኢትዮጵያዊ ግን ጥቂት ነው። ቀይ ቀበሮም አለ። ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ በመኪና ካሰብሽ በጎሐ ጽዮን፣ ዓባይን ተሻግረሽ፣ በጎጃም አድርገሽ ነው ጎንደር የምትደርሺው። ሐምሌ 2024 ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችና ሌሎች ተሳፋሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ፤ ከመቶ በላይ ነበሩ። ከቤተሰብ ገንዘብ ተጠየቀ። ልብ በይ፣ ይህ የሆነው አንቺ ልትሄጂበት ባሰብሽው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ከውጭ የመጣች፣ ሻንጣ የያዘች፣ ወርቅ ያደረገች ሴት ደግሞ ከተማሪ ይልቅ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ደባርቅ የሚባለውን ነገር እኔ አልመክርም፤ ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትታለይ።

በአውሮፕላን ጎንደር መግባት ይሻላል፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። ነሐሴ 2023 ላይ በፋኖና በመንግሥት ኃይል መካከል ያለው ውጊያ ከተሞቹ ውስጥ ሲገባ የጎንደርም የባሕር ዳርም የላሊበላም በረራ ለቀናት ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሰላም ሆኖ ሲውል ከከተማው ውጭ ያለው መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር በአንድ ሳምንት ክፍት፣ በሌላው ዝግ ነው። ስለዚህ «አማራ ክልል ሰላም ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ እንደ ሰዉ ፖለቲካ ነው። «ትናንት ከደባርቅ ጎንደር ሚኒባስ መጥቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን የሚያውቀው እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም የሆቴል ሠራተኛ እንጂ ቲክቶክ ላይ ያለው ልጅ አይደለም።

እዚህ ላይ ከጉዞው ትንሽ ልውጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ እኛን ራሳችንን ይነካል። ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ «በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተብሎ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቷል። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። ለዚያም ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አሉ፤ ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር በ2016 ተነሥቶ ከ400 በላይ አባወራ ወደ ደባርቅ ሄዷል። መሬቱን ለቆ ከተማ የገባ ገበሬ በምን ይኖራል? የሚታሰበው ቱሪዝም ነበር፤ በቅሎ ማከራየት፣ አስጎብኚነት፣ ምግብ ማብሰል። ከዚያ በ2020 ኮሮና መጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ጀመረ፣ በ2021 ውጊያው ወደ ደባርቅ አካባቢ ተጠጋ፣ በ2023 ደግሞ ይኸኛው። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸውን «ወደ አማራ ክልል አትሂዱ» ካሉ ፈረንጅ አይመጣም፤ የጉዞ መድኑም አይሸፍንለትም። መሬት የለም፣ ቱሪስት የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ያደገ ወጣት ወዴት ያያል? በጅቡቲ፣ በየመን፣ በሰዓዳ አድርጎ ወደ እኛ ወደ ጂዛን ነው የሚያየው። በዚህ ድንበር ላይ የሚሆነውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት ጽፎታል፤ እዚህ አልደግመውም። እኔ የምለው የባዶ ፓርክና የዚህ ድንበር ወሬ አንድ ወሬ ነው። ዋልያውም ቢሆን በጥቂት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ጠባቂ እንደ ልቡ በማይዘዋወርበት ጊዜ የሚያድን ሰው አይጠፋም። በዚህ የተነሣ «ሰላም ሲሆን አገር ውስጥ ያለነው እንሂድላቸው» የሚሉትን ልጆች እረዳለሁ። ደባርቅ ላይ የምታወጪው ብር ትርጉም አለው። ሰላም ሲሆን የሚለው ግን አይረሳ።

ሌላው ሰዓት ነው። በሕጉ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ውል ስታድሺ አንድ ወር ከነደሞዙ ዕረፍት አለሽ። ኹሩጅ ዐውዳው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከወጣሽበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር፣ ሌላው «ከዚህ ቀን በፊት ተመለሺ» የሚል። ከመውጣትሽ በፊት ከፊሉ አብሸር ላይ አውጥቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂና በስልክሽ ፎቶ አንሺው። እዚያ ሆነሽ መንገድ ቢዘጋብሽ ማራዘም የሚችለው እሱ ነው፤ እሱም ከፈለገ ነው። ስለዚህ ጉብኝትን በመጨረሻው ሳምንት አታድርጊ። ብዙዎቻችን በጂዳ በኩል ነው የምንመለሰው፤ ጎንደር ላይ አንድ በረራ ቢሰረዝ የአዲስ አበባውም የጂዳውም ያመልጥሻል። መጀመሪያ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ፓርክ፣ ከዚያ ቢያንስ አሥር ቀን ይትረፍሽ።

ቤተሰቦቹ የሚለቁን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያ ደግሞ አገር ቤት ክረምት ነው። ሰሜን ተራራ ላይ ጭጋግ፣ ጭቃና ብርድ ነው፤ ገደሉም አይታይም። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ነው። ከጂዛን ስትሄጂ ደግሞ ከባሕር ጠርዝ ከ40 ዲግሪ ሙቀት ተነሥተሽ ነው ከ3,000 ሜትር በላይ የምትወጪው። ሳንቃበር 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ዋልያ በደንብ የሚታይበት ጨነቅ ከዚያም ይበልጣል። ራስ ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ጎንደር ወይም ደባርቅ አንድ ሌሊት አድሪ፣ ወፍራም ጃኬት ያዢ። በአባያ ብቻ የሚቻል ብርድ አይደለም።

እንስሳ ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎትሽ ሌላ ቦታም አለ፣ እኔም ዘንድሮ ይህንን ነው የምመርጠው። የባሌ ተራሮች በመስከረም 2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከመንገድ ዳር ሆነሽ ታያለሽ፣ ብዙ መራመድ የለም። እስከ ሮቤ በረራ አለ። የሳነቴ ሜዳ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ስለ ብርዱ ያልኩት እዚያም ይሠራል። የአርሲንም መንገድ እንደ ጎንደሩ ጠይቀሽ ነው የምትሄጂው። ጊዜ ከሌለሽ በሐዋሳ መንገድ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ላይ አቢጃታ ሻላ አለ፤ ሰጎንና ሚዳቋ አይተሽ በዚያው ቀን ትመለሻለሽ። አዋሽ ፓርክ ሳላ አለ፣ ግን በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ነበር፤ ስለ እሱም ቀድመሽ ጠይቂ።

ገንዘብ ላይ፦ ከሐምሌ 2024 በኋላ ብር ስለወረደ ሪያልሽ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ነዳጁም የመኪና ኪራዩም አብሮ ስለናረ ግን የድሮውን ዋጋ አታስቢ። የፓርክ መግቢያ ለኢትዮጵያዊ በብር ነው፣ ከፈረንጁ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ፓስፖርትሽን ያዢ፤ በዶላር ክፈይ የሚልሽ ካለ ፓስፖርቱን አሳዪው። የመግቢያውንና የስካውቱን ራስሽ በፓርኩ ቢሮ ከፍለሽ ደረሰኝ ተቀበይ። ከጂዛን ሆነሽ «ሁሉም ተካቶ» ለሚል ሰው የግል ሂሳብ ሙሉ ብር አትላኪ። ሹፌር መያዝ ካለብሽም ትንሽ ቀብድ በቂ ነው፤ ያንንም ከመላክሽ በፊት «መንገድ ቢዘጋ ይመለስልኛል» የሚለውን ቃል በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲልክልሽ አድርጊ።