ፌስታሉ ታገደ፤ መርፌውና የጉሉኮስ ከረጢቱስ?

ደብረ ታቦር ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ወጥተው ወደ ቤትዎ ሲያመሩ በእጅዎ ምን ይይዛሉ? ክኒን፣ ሽሮፕ፣ ምናልባትም የኢንሱሊን መርፌ፤ ሁሉም በአንድ ቀጭን ፌስታል ውስጥ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ይህ ፌስታል ታግዷል። ስለዚህ ለክትትል ሲሄዱ የጨርቅ ቦርሳ ወይም ዘንቢል ይያዙ። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ግን ክኒኑን ከእሽጉ አውጥተው በሌላ ዕቃ አይገልብጡት፤ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው የተጻፈው እሽጉ ላይ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ፌስታሉ ከጉዳዩ ትንሹ ነው። የሕክምና ፕላስቲክ፣ ማለትም ሲሪንጅ፣ ጓንት፣ የጉሉኮስ ከረጢትና ቱቦ፣ ያለ እሱ የማይሠራ በመሆኑ በቀላሉ የሚታገድ አይደለም። ጥያቄው ከተጠቀምንበት በኋላ የት ይሄዳል የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶው ከቤት ቆሻሻ የተለየ አይደለም። አደገኛ የሚባለው 15 በመቶው ብቻ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን ሁሉም አደገኛ ይሆናል። በጤና ተቋማት ጥቁርና ቢጫ ባልዲ፣ እንዲሁም ስለታም ነገር የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ለዚህ ነው። ቢጫው ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ለነካው ሲሆን የሙዝ ልጣጭና የውኃ ላስቲክ የሚጣሉት በጥቁሩ ነው። አስታማሚ ሆነው ሲያድሩ የምሳ ትርፍ በቢጫው ባልዲ ቢጥሉ፣ መቃጠል የሌለበት ነገር እንዲቃጠል አደረጉ ማለት ነው።

ማቃጠሉም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ያለው ማቃጠያ በጡብ የተሠራ ትንሽ ምድጃ ነው። ሙቀቱ ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን፣ በተለይ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ሲገባበት፣ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ይህ መርዝ ለካንሰር ያጋልጣል፤ በሣርና በአፈር ላይ አርፎ በከብቱ በኩል ወደ ወተትና ሥጋ ይገባል። በእንፋሎት አምክኖ ማስወገድ የተሻለ መሆኑ ይታወቃል፤ መሣሪያው ግን ገንዘብ፣ መብራትና ውኃ ይጠይቃል።

ለደቡብ ጎንደር ነዋሪ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን የሩዝ ማሳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ደጋ ላይ በጉድጓድ ሳይከደን የቀረ ቆሻሻ ክረምት ሲገባ ደጋ ላይ አይቆይም። ጊዜው ያለፈበት አንቲባዮቲክ ወንዝ ወይም ሽንት ቤት ሲጣልም መድኃኒቱን የለመዱ ተህዋስያን እንዲበዙ ያግዛል። የተረፈ መድኃኒት ካለዎት ለጎረቤት አይስጡ፤ ወደ ወሰዱበት መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ጤና ጣቢያው መልሰው መቀበል ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

አሁን ጠንከር ያለ ነገር ልናገር። ከሁሉም ንጹሕ የሚሆነው ሳይፈጠር የቀረ ቆሻሻ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ እኛ ታካሚዎችም አለንበት። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም»፣ «እባክህ አንድ ጉሉኮስ ስካልኝ» የማይባልበት ክሊኒክ ጥቂት ነው። መዋጥ የሚችልና የማያስመልሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በክኒን እኩል ይድናል። አንድ ከረጢት ጉሉኮስ ከጥቂት ማንኪያ ስኳርና ከውኃ ብዙም አይበልጥም፤ ትቶት የሚሄደው ግን ከረጢት፣ ቱቦ፣ መርፌና ጓንት ነው። ሐኪሙ «አያስፈልግዎትም» ሲል ነፈገኝ ብለው አይቀየሙት። ካዘዘልዎት ግን አካባቢን ለመጠበቅ ብለው ምንም ሕክምና እንዳያቋርጡ፤ የአስም መንፊያም ሆነ ኢንሱሊን።

ቤትዎ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ ይህን ክፍል ደግመው ያንብቡት። ያገለገለ መርፌ በፌስታል ተቋጥሮ ሲጣል መጀመሪያ የሚያገኘው ቆሻሻ አንሺው ወይም የሚጫወት ልጅ ነው። በሄፓታይተስ ቢ በተበከለ መርፌ የተወጋ ያልተከተበ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። በሄፓታይተስ ሲ ከ100 ወደ 2፣ በኤችአይቪ ደግሞ ከ1000 ወደ 3 ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ መርፌውን ክዳኑን መልሰው ለመግጠም ሳይሞክሩ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ይጣሉት። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቀው ለሴፍቲ ቦክስ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሰው ከተወጋ ቦታውን ሳይጨምቁ በውኃና ሳሙና ያጥቡ፤ ወዲያውኑም ወደ ሕክምና ይሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም።

ስለ ኃይልና ስለ መጓጓዣም አንድ ነገር ልጨምር። ሀብታም አገሮች ሆስፒታሎቻቸው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ የሚመጣ መብራት እንዲቀንሱ ይመክራሉ። የኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ያ ምክር በቀጥታ አይገጥመንም። እኛ ጋ የሚያጨሰው መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው፤ በጤና ኬላዎች የክትባት ፍሪጅ በፀሐይ እንዲሠራ መደረጉም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ነዳጅ በታካሚ ጉዞ የሚቃጠለው ነው። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ ወር ክኒን ከጋይንት ወይም ከእስቴ ተነሥቶ ደብረ ታቦር መመላለስም ለታካሚው ኪስ ቀላል አይደለም።

በዚህ ረገድ ከኤችአይቪ ሕክምና የምንማረው አለ። በ2010 ዓ.ም በተጀመረው አሠራር ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ይወስዳሉ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ክትትል ላይ ከሆኑና ልኬትዎ ለወራት ከተስተካከለ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪምዎን «የሦስት ወር መድኃኒት ሊሰጠኝ ይችላል? መሐል ላይ ልኬቴን ቅርቤ ባለው ጤና ጣቢያ ባሳይስ?» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱ በመጋዘን በቂ ካልሆነ ወይም ልኬትዎ ገና ከወዛወዘ መልሱ «ቆይ» ሊሆን ይችላል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ስለሚፈልግ ቤትዎ ምን ላይ እንደሚያስቀምጡት አስቀድመው ይንገሩት።