ዛፉ ይቁም፣ ምድጃው ግን ቦታውን ይወቅ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ መዋጮና ስለ ቦይ ጠረጋ ከማሳሰባችን በፊት በአንድ ጉዳይ ላይ ያለንን አስተያየት ልንገልጽላችሁ ወደድን። ጉዳዩ የገና ዛፍ ነው። «ደግሞ ዛፍ ምን ወሬ አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! ከዚህ በታች ያለውን አንብባችሁ ፍረዱ።

ባለፈው ዓመት በገና ዋዜማ ሰሞን በማኅበሩ መሰብሰቢያ ቤት ለሕፃናት ዝግጅት እንዳደረግን ታስታውሳላችሁ። ዛፉን ያመጣነው እኛ ነን፤ ያቆምነውም እኛ ነን። በዓሉ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የተቆረጠ ጥድ ነው። በደረቅ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ተከልነው፣ ጥጥ አልብሰን በረዶ አስመሰልነው፣ ከመንገድ እንዲታይ ብለንም በሩ አጠገብ አቆምነው። ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ፤ ብርዱም በረታ። እናቶች ቡና ለማፍላት የከሰሉን ምድጃ ከደጅ አስገቡ፤ ልጆቹን እንዲሞቃቸው ብለውም ወደ ዛፉ አስጠጉት። ማንም ክፉ አላሰበም። ልጆች ሲሯሯጡ አንዱ ቅርንጫፉን ነካውና ዛፉ ዘመም አለ። ጥጡ ፍሙ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ ራሱ ከሆነው ይረዝማል። እሳቱ ከሥር እስከ ጫፍ ወጥቶ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒሱን ላሰው። በሩ ከእሳቱ ማዶ ቀረ። ልጆቹ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አንድ የሰፈራችን ወጣት ባልዲውን ይዞ ዛፉን እየጎተተ ወደ ደጅ ባይጥለው ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው የሐዘን መግለጫ በሆነ ነበር። የወጣቱ ክንድ ተቃጥሎ ሁለት ወር ታከመ፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

ጥፋቱ የእናቶች አይደለም። የልጆቹም አይደለም። ዛፉን በደረቁ ተክለን፣ በር ላይ አቁመን፣ ምድጃው የት እንደሚቀመጥ ሳንወስን ሰው የጠራን እኛ የኮሚቴ አባላት ነን። ይህን በአደባባይ ማመን ይገባናል ብለን ነው የጻፍነው።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይሰማል። አንደኛው «ዛፉ የፈረንጅ ነው፣ ይቅር፣ ይከልከል» የሚል ነው። ሁለተኛው «በዓመት አንዴ ለሚመጣ ነገር ምን ይህን ያህል ያስጨንቃል» የሚል ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም። በማኅበሩ ቤት ብንከለክለው በየቤቱ የሚቆመውን ማን ያየዋል? ልጆች ከጎረቤት ያዩትን ከወላጆቻቸው መጠየቃቸው አይቀርም፤ እናትም ልጇን ለማስደሰት ስትል ከገበያ ቅርንጫፍ ይዛ መግባቷ አይቀርም። «ለአንድ ሰሞን ነው» ለሚሉትም መልሳችን አጭር ነው፤ እሳት የሚፈልገው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

ዛፉ በመጣበት አገርም ቢሆን ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ዛሬ በፈረንሳይ ውስጥ በምትገኘው በስትራስቡርግ ከተማ ሰዎች በቤታቸው ዛፍ አቁመው በወረቀት አበባና በፖም ያስጌጡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1605 የተጻፈ ማስታወሻ አለ። ኋላ ላይ በቅርንጫፉ ላይ ሻማ ማብራት ተለመደ፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። በዛፍ ላይ የኤሌክትሪክ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ሲሆን፣ ያሳየውም የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን ነው። ዛፉ ላይ 80 ትናንሽ አምፖሎች ነበሩበት። እንግዲህ ባለቤቶቹ ራሳቸው እሳትን ከዛፉ ለማራቅ ሲደክሙ ኖረዋል ማለት ነው። እኛ ዛፉን ተቀብለን ጥንቃቄውን ብንተወው ግማሽ ትምህርት ይሆንብናል።

በተለይ ለእኛ የሚከፋበት ምክንያት አለ። የእነሱ ምድጃ ከግድግዳ ጋር የተሠራ ወይም ከባድ ብረት ነው፤ የጭስ ማውጫ አለው፤ ከቦታውም አይነቃነቅም። ዛፉን ከእሱ አንዴ ካራቁት ራቀ ነው። የእኛ የከሰል ምድጃ ግን ይዞራል። ጠዋት ደጅ ይቀጣጠላል፣ ረፋድ ላይ ወጥ ይሠራበታል፣ ከሰዓት ቡና ይፈላበታል፣ ማታ ደግሞ እንዲሞቅ ተብሎ ወደ አልጋው ይጠጋል። በአዲስ አበባችን የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ይህን የሚያደርገውን ሰው አንወቅሰውም። ነገር ግን ዛፉ ባለበት ቆሞ ሳለ እሳቱ ነው እየዞረ የሚመጣበት። ስለሆነም የእኛ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ለምድጃው ቋሚ ቦታ ይሰጠው፣ ከዚያ በኋላ ለዛፉ ይታሰብ። እስከ ዛሬ የምናደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው።

ጥድ በውስጡ ዘይትና ሙጫ አለው። እርጥብ ሳለ ቶሎ አይያያዝም፤ ሲደርቅ ግን እንደ ችቦ ነው። ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ያደርቀዋል። ፍም ባይነካው እንኳ ምድጃው አጠገብ የሰነበተ ዛፍ ለእሳት የተዘጋጀ ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን ነጥቦች እያንዳንዱ ቤተሰብ እንዲመለከታቸው እናሳስባለን።

1ኛ/ ምድጃው በመስኮት በኩል፣ ከመጋረጃ ርቆ፣ የሰው መተላለፊያ ባልሆነ ቦታ ይቀመጥ። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ሰፊ ቆርቆሮ ይነጠፍለት። በዓሉ እስኪያልፍ ከዚያ ቦታ አይነሣ።

2ኛ/ ዛፉ ከምድጃው ትይዩ ባለው ሩቅ ጥግ ይቁም። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሜትር ይኑር፤ ቦታ ከተገኘ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። የሚለካውም ከግንዱ ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው። ቢወድቅም ምድጃው ላይ እንዳይደርስ ቁመቱ ይታሰብ።

3ኛ/ ዛፉ በምንም ዓይነት በር አጠገብ ወይም በአልጋና በበር መካከል አይቁም። አብዛኛው ቤታችን አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ያለፈው ዓመት ትልቁ ስሕተታችን ይኸው ነበር።

4ኛ/ ከገበያ ሲገዛ ቅጠሉ ሲጨበጥ የሚፈረፈር ከሆነ ይቅር። ቤት እንደደረሰ ከግርጌው ሁለት ጣት ያህል ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ይግባ። ባልዲው በድንጋይ ይደገፍ፤ ውኃው ጠዋትና ማታ ይታይ። ደግሞም የሐበሻ ጥድ ለማደግ ረጅም ዓመት የሚፈልግ ዛፍ ስለሆነ ሙሉ ዛፍ ከማስቆረጥ ይልቅ አንድ ቅርንጫፍ ይበቃናል። ትንሽ ቅርንጫፍ ለእሳትም ትንሽ ነው።

5ኛ/ ጥጥና ወረቀት በዛፉ ላይ አይደረግ። ሻማና ጧፍ ጨርሶ አይታሰብ። የፕላስቲክ ዛፍም ቢሆን ይነዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። «የእኔ ፕላስቲክ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

6ኛ/ የገና መብራት ሽቦው የተላጠ ወይም በፕላስተር የተቀጠለ ከሆነ ይጣል። ማታ ስንተኛ ይነቀል። መብራት ሲጠፋም ይነቀል፤ አለበለዚያ ሁላችንም ተኝተን ሳለ ሌሊት ይመጣና ብቻውን ሲሠራ ያድራል።

7ኛ/ ለበዓሉ የሚነጠፈው ቄጤማ ደስ ይላል፤ በማግስቱ ግን ጭድ ነው። በምድጃውና በዛፉ መካከል ቄጤማ አይጎዝጎዝ፤ የደረቀውም ቶሎ ይጠረግ። የእጣን ማጨሻውም እንደ ምድጃው ሁሉ እሳት መሆኑ አይረሳ።

8ኛ/ በዓሉ ካለፈ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ዛፉ ከቤት ይውጣ። «ለጥምቀት ይቆይ» የሚባል ነገር ይቅር። የደረቀውን ቆራርጦ ምድጃ ውስጥ መማገድም አደገኛ ነው፤ ፍንጣሪው ቤት ያቃጥላል።

ስለ ከሰል ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ኃላፊነታችንን አልተወጣንም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አልጠፋም። ይህ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ መስሎ ይገድላል። ስለዚህ ምድጃ በተቀመጠበት ክፍል መስኮት ገርበብ ይበል፤ ለመኝታ ሰዓት ደግሞ ምድጃው ከነፍሙ ደጅ ይውጣ። ብርድ ከሆነ ጋቢ ይደረብ። ዛፍ ኖረም አልኖረም ይህ አይቀየርም።

«ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ረከቦቱ ሞልቷት አንድ ሜትር ከየት ላምጣ?» የሚለን ሰው እንዳለ እናውቃለን። እኛም የምንኖረው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት የምንሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ ሁለቱ አብረው አይግቡ። ወይ ምድጃው በረንዳ ላይ ይዋል፣ ወይ ዛፉ ደጅ ይቁም። ልጆች ደጅ በቆመ ዛፍ አይከፋቸውም፤ እንዲያውም የጎረቤት ልጆችም ያዩታል። ማኅበሩም ከራሱ ይጀምራል። ዘንድሮ የሕፃናቱ ዛፍ የሚቆመው በመሰብሰቢያው ግቢ፣ ከደጅ ነው። በመሰብሰቢያው ቤት ደጃፍ ላይም አንድ በርሜል ውኃና ሁለት ባልዲ አሸዋ ይቀመጣል። አደራ፣ ባልዲውን ለሌላ ሥራ የሚወስድ እንዳይኖር።

እሳት ከተነሣ አስቀድሞ ሰው ይውጣ፤ ዕቃ ይቅር። ባለፈው ዓመት ወጣቱ ያደረገውን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በሩ ክፍት ከሆነ ማንም እንዲደግመው አንመክርም። የኤሌክትሪክ እሳት ከሆነ ከቆጣሪው ሳይጠፋ ውኃ አይረጭ። ለእሳት አደጋ በ939 ይደወል፤ መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ። የተቃጠለ ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት፤ ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ።

በመጨረሻም፣ ቤቶቻችን የጭቃና የእንጨት ናቸው፤ ብዙዎቻችን በአንድ ግድግዳ እንካፈላለን፤ ቆርቆሮአችንም የተያያዘ ነው። ስለዚህ «የራሴ ቤት፣ የራሴ ዛፍ» ማለት አይሠራም። በአንድ ቤት የተነሣው እሳት የሁላችንም እንግዳ ነው። በዓሉ ዋዜማ ላይ ቡና ስንጠራራ የጎረቤታችንን ምድጃና ዛፍ ዘወር ብለን እንይ። የተጠጋ ካለ «እማማ፣ ትንሽ ላርቀው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ወጣቶች ሄደው ምድጃውን እንዲያስተካክሉላቸው እንለምናለን። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ቅጠሉ ራሱ ስለሆነ የሚቃጠለው፣ ቀድሞ ማራቅ ይበጃል።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው